ዓሣ በሰው ጀልባ

ቀለም ቀቢዋ ዓሣ ማጥመድ የጀመረችው ሥራ ላይ ቆማ ነው። በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ ቀለም የሚባል ነገር ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ቀለም ደግሞ ከተቀባ በኋላ እስኪይዝ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። በዚያ መሀል ደንበኛዋ መጽሔት ታገላብጣለች፣ ቀለም ቀቢዋ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ለሠራተኛ መቀመጥ ክልክል ነው። የከለከለችው የቤቱ ባለቤት ናት፤ የቀለም ቀቢዋ ባል ታላቅ እህት። ሠራተኞቹ በሌለችበት «መቀስ» ይሏታል፣ ስለ ምላሷ። ቀለም ቀቢዋ ግን «እትዬ» እና «እርስዎ» ነው የምትላት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትል አንድም ቀን ከልቧ ሆኖ አያውቅም።

የዓሣ ማጥመጃውን የስልክ ጌም ያመጣችውም መቀስ ናት። አንድ ቀን ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ተቀምጣ ስልኳን ወደ ቀለም ቀቢዋ አዞረችው። ሰማያዊ ሐይቅ፣ ዳር ላይ ትልቅ ድንጋይ፤ ድንጋዩ ላይ አሥር ስሞች ተቀርጸዋል። የመቀስ ስም ሦስተኛ ነው።

«ከባድ ዓሣ ያወጣ ሰው ነው ስሙ የሚጻፈው» አለች መቀስ። «በነፃ ነው፣ አንቺም ሞክሪው። እንዲሁ ግድግዳ ከምትገፊ።»

በነፃ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን። አሥራ አንድ ዓሣ አወጣች። በሁለተኛው ቀን ትል አለቀባት። ትል ከፈለግሽ ማስታወቂያ እዪ ተባለች፤ ለአንድ ትል አንድ ማስታወቂያ፣ ያውም ያው ፍራሽ የሚሸጠው ሰውዬ። በሳምንቱ ሰውዬው የሚለውን ሁሉ በቃሏ ያዘችው። ከዚያ የማጥመጃው ዘንግ ተሰነጠቀ። ሃያ ዓሣ ካወጣ ይሰነጠቃል ለካ፤ ማንም አልነገራትም። ለመጠገን እንጨት ያስፈልጋል፣ እንጨት ለማግኘት መጠበቅ ወይም ከስልክ ካርዷ ላይ ማስቆረጥ። ቅርጫቱ ይሞላል፣ የሚሞላው ደግሞ በአረምና በአሮጌ ጫማ ነው። ያወጣሽውን ዓሣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልሸጥሽ ይበሰብሳል። ቁርስ ሰዓት ላይ ያጠመደችው ዓሣ እሷ ቀለም ስትበጠብጥ፣ ስትቀባ፣ ስታጥብ ውላ ምሳ በልታ ስትመለስ ሸቶ ታገኘዋለች፤ በስልክ ውስጥ የሸተተ ዓሣ ያናድዳል ብሎ ማን ያምናል? ደሟ ይፈላል።

ዋናው ጣጣ ግን እጇ ነበር። ዓሣው ሲነክስ ስልኩ ይነዝራል፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ስክሪኑን ካልነካሽ አመለጠ። ጓንት ያደረገ ጣት ደግሞ ስልኩ አያውቀውም። ስለዚህ የቀኝ ጓንቷን አመልካች ጣት ጫፉን ቆረጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ጣት አንድ ቀን ቡኒ፣ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ጥቁር ሆና ትውላለች፤ ቆዳዋም ተላላጠ።

«ጣትሽ ምን ሆኖ ነው?» አላት ባሏ። ባሏ ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ የእሱ እጅ ራሱ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

«ጓንቱ ተቀዶ።»

«ለእህቴ ልንገራታ፣ ደህና ጓንት ትግዛ።»

«ተው፣ እባክህ። ለእህትህ ምንም አትንገር።»

መቀስ ግን ሁሉንም ታያለች። ከመስታወቱ ፊት ቆማ የሰው ፀጉር እየከረከመች፣ ዞር ሳትል «ዛሬስ ስንት ጫማ አወጣሽ?» ትላለች፤ ደንበኞች ይስቃሉ። ፀጉር አጣቢዋም ሳትወድ በግድ ትስቃለች። ቀለም ቀቢዋ ጌሙን ልትተወው ያልቻለችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዓሣውን ወዳ አልነበረም። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ስሟ ከመቀስ ስም በላይ ተቀርጾ እንዲያዩት ፈለገች።

ለዚያ የሚያበቃው አንድ ዓሣ ነው፤ ብርክንፍ። ብርክንፍን ያወጣ የድንጋዩ አናት ላይ ይወጣል። ግን የሚገኘው ከጥልቁ ነው፣ ጥልቁ ጋ ለመድረስ ጀልባ ያስፈልጋል። መቀስ ጀልባዋን ገዝታዋለች። ቀለም ቀቢዋ በየቀኑ አንድ አንድ ሳንቃ እየለቀመች ልትሠራ ተነሣች፤ ስልሳ ሳንቃ ይፈልጋል። አምሳ ሁለት ላይ ስትደርስ ጉንፋን ጥሏት አምስት ቀን ተኛች። ተሽሏት ስትከፍተው ዳርቻው ባዶ ነው። «ሦስት ቀን ያልተጎበኘ ሳንቃ ጎርፍ ይወስደዋል» ይላል ጽሑፉ። መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች። ለእንጨት እንኳ አይደለም፤ ለሥዕል!

ስትወጣ መቀስ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሳንቃሽ ተወሰደ አይደል? እኔም አንዴ ጎርፉ ወስዶብኛል» አለቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የኔን ጀልባ ውሰጂ። ሐሙስ ሐሙስ አልጠቀምበትም። ዘመድ ለመቼ ነው?» አለች።

ቀለም ቀቢዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች። ያን ጊዜ ብቻ፣ ከልቧ ነበር ያለችው።

የመጀመሪያው ሐሙስ አልተሳካም፤ ሁለተኛውም። በሦስተኛው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ መጣች። ዳኛዋ ስድስት ዓመት የቆየች ደንበኛ ናት፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋን አታስደግፍም፣ ወሬም አታበዛም። በጥቁር ቀለም የሸፈነችውን ሽበቷን ወደ ወርቃማ እንዲቀይሩላት ፈልጋ ነው። ለዚያ መጀመሪያ ፀጉሩን የሚያነጣው መድኃኒት ይቀባል፤ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ መታጠብ አለበት። ትንሽ ቢያልፍ ፀጉሩን ይበላዋል። ቀለም ቀቢዋ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቀባች፣ በፕላስቲክ ሸፈነች፣ ግድግዳው ጋ ሄዳ ስልኳን አወጣች።

በሃያኛው ደቂቃ ነዘረ። ነካችው። ክሩ ተወጠረ፤ ዘንጉ እስኪንቀጠቀጥ ጎተተ። ከውሃው ሥር የሚያብለጨልጭ ነገር ተገለበጠ። ብርክንፍ ነው! ክሩ ሲቀላ መልቀቅ፣ ሲነጣ መጎተት፤ እንዲያ ነው የሚያዘው። ለቀቀች፣ ጎተተች። ላብ አጠመቃት።

«ልጄ፣ እያቃጠለኝ ነው» አለች ዳኛዋ።

«ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ።»

«ጊዜው አላለፈም?»

«አላለፈም፣ አሁን አሁን።»

ፀጉር አጣቢዋ መጥታ ክንዷን ስትነካት፣ ቀለም ቀቢዋ በክርኗ ገፋቻት። ክሩ ቀላ፣ ለቀቀች። ነጣ፣ ጎተተች። ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላወቀችም። በመጨረሻ ዓሣው እየተገላበጠ ከውሃው ወጣ፣ ስክሪኑ ወርቅ በወርቅ ሆነ፣ እሷም «ያዝኩት!» ብላ ጮኸች። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያት።

ወዲያው ከሥሩ ጽሑፍ መጣ። «ብርክንፍ ወደ ጀልባው ባለቤት ቅርጫት ገብቷል።»

ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ የመቀስ ስልክ በመለከት ድምፅ አስተጋባ። መቀስ ስልኳን አነሣች፣ አየችው፣ ፈገግ አለች።

ቀለም ቀቢዋ ጽሑፉን ደግማ ደጋግማ አነበበችው። ያነቃት የፀጉር አጣቢዋ ጩኸት ነው። ዳኛዋን ማጠቢያው ላይ አስተኝታ ውሃ ስትለቅ ፀጉሩ ከውሃው ጋር አብሮ ወረደ፤ ጭብጥ ሙሉ። የቀረው እንደ ደረቅ ሣር ቆሟል፣ ከጆሮዋ በላይ ያለው ቆዳ ቀልቷል።

ዳኛዋ ተነሥታ መስታወት ፊት ተቀመጠች።

«ስንት ደቂቃ ነበር መቆየት የነበረበት?»

«ሃያ አምስት» አለች ቀለም ቀቢዋ።

«ስንት ቆየ?»

ፀጉር አጣቢዋ ሰዓቱን አየች። «አርባ አራት።»

«አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ምን ስትሠሪ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ነው ማለት ትችል ነበር፤ መቀስም በዓይኗ እንደዚያ በዪ እያለቻት ነው። «ዓሣ ሳጠምድ» አለች።

«ምን?»

«በስልክ። ጌም ነው።»

ዳኛዋ አልጮኸችም። «ነገ ጠዋት ችሎት አለብኝ» አለች። «ቁረጪው። አንቺው ቁረጪው፣ እያየሁሽ።»

ቀለም ቀቢዋ እስከ ሥሩ ቆረጠችው። ሲያልቅ ዳኛዋ ሻርፕዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠቀለለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ መቀስ «የኔ እመቤት፣ ሒሳብ አንቀበልም፤ ደግሞም ሌላ ጊዜ…» ስትል አቋረጠቻት። «ሌላ ጊዜ የለም» ብላ ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ መቀስ ምላሷን መዘዘችው። «ስድስት ዓመት የያዝኳትን ደንበኛ! ዓይንሽን ለአፈር! ወንድሜን ብዬ፣ ቤተሰብ ናት ብዬ ባስጠጋሽ!»

«ዓሣው ለጀልባው ባለቤት እንደሚሆን ያውቁ ነበር?»

«ምን?»

«ጀልባውን ሲሰጡኝ፤ ያውቁ ነበር ወይ?»

«እና ዓሣው ነው አሁን የሚያሳስብሽ? ሰው ራሰ በራ አድርገሽ?»

«እሱን አጥፍቻለሁ፣ የጥፋቴን እሸከማለሁ። የጠየቅኩትን ይመልሱልኝ።»

መቀስ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ነበረብሽ። ደግሞ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ስጪኝ!»

ፀጉር አጣቢዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀለም ቀቢዋ ራሷም የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። «ስጪኝ» አለች፤ «ይስጡኝ» አይደለም።

«አንቺ አልሽኝ?» አለች መቀስ በቀስታ።

«አዎ፣ አንቺ! ሦስት ሐሙስ ሙሉ ቆመሽ ስታዪኝ፣ ሥራዬን ስበድል እያየሽ ዝም ያልሽው ዓሣው ላንቺ ስለሚገባ ነው። ዘመድ ለመቼ ነው አልሽ! ለዚህ ነው ለካ!»

«ውጪ ከቤቴ።»

ሽርጧን አውልቃ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ላይ ጣለችው። የተቆረጠውን ጓንት ግን ሳታወልቅ ነበር የወጣችው፤ መንገድ ላይ ሰዎች እጇን ሲያዩ ነው ያስታወሰችው።

ባሏ ከሥራ ሲመለስ እህቱ ቀድማ ደውላለታለች። የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴን አንቺ አልሻት?»

«የነገረችህ እሱን ብቻ ነው?»

«ሌላውንማ ሰማሁ። ደንበኛ ይቀየማል፣ ይታረቃል። ግን እህቴን፣ እንደ እናት ያሳደገችኝን፣ ሰው ፊት!» 

ስለ ትሉ፣ ስለ ሳንቃው፣ ስለ ጀልባው ልትነግረው ጀመረች። ስትናገረው ለራሷም እንደ ልጅ ወሬ ሆነባት። ሰባት ዓመት ስለ መቀስ ያልነገረችውን ሁሉ ያኔ ልትነግረው ይገባ ነበር፤ አሁን በዓሣ ስም ሲወጣ ማን ይሰማታል? እሱ እስከ መጨረሻው አዳምጦ «ለሥዕል ዓሣ?» ብቻ አለ። ሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ በላይ አልተነጋገሩም።

ጌሙን ስታጠፋው «እርግጠኛ ነሽ? አሥራ አራት ትሎችሽ ይሞታሉ» አላት። ይሙቱ ብላ ነካችው።

ከሁለት መንገድ በኋላ ባለ ሌላ ፀጉር ቤት ሥራ አገኘች። አንድ ቀን ፀጉር አጣቢዋ መጥታ የመቀስ ስም ድንጋዩ አናት ላይ የቆየው ዘጠኝ ቀን ብቻ መሆኑን ነገረቻት። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ሌላ ሐይቅ ከፍተው፣ የድሮውን ዘግተውታል፤ ጀልባውም አዲሱ ላይ አይሠራም። ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ይባሱኑ አንገበገባት፤ ለዘጠኝ ቀን!

ዳኛዋን ግን ከልቧ ልታወጣት አልቻለችም። በሁለተኛው ወር፣ ለተጎዳ ፀጉር የሚሆን ቅባት ይዛ ቤቷ ድረስ ሄደች። ዳኛዋ ራሷ ከፈተች። ፀጉሯ ሁለት ጣት ያህል አድጓል፣ ሙሉ በሙሉ ሽበት። እንድትገባ አላለቻትም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች ቀለም ቀቢዋ። «እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«እንቅልፍ እንዲወስድሽ ነው የመጣሽው?»

ቀለም ቀቢዋ ቅባቱን ዘረጋችላት። «ይመስለኛል» አለች።

ዳኛዋ ቅባቱን ተቀብላ ከላዩ የተጻፈውን መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አነበበች። ከዚያ ቅባቱን መልሳ ሰጠቻት።

«ሽቶ አለው፤ ሽቶ አይስማማኝም» አለች፤ በሩንም ዘጋችው።