ቁጥሩ የተተረተረ ማሊያ

«በገዛ እጄ አስተረተርከኝ» አለ ልብስ ሰፊው። ይህን ሲል ሦስተኛ ጊዜው ነው። «እዚሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጠህ፣ ውሃዬን ጠጥተህ፣ የልጄን ቁጥር በገዛ ምላጬ አስነሳኸኝ።»

«አራት ማሊያ አመጣሁ፣ የአራቱም ቁጥር ይነሳ አልኩህ። ምኑ ነው ውሸቱ?» አለ የሚስቱ ወንድም።

«የማን እንደሆነ መች ነገርከኝ?»

«መች ጠየቅከኝ?»

የሚስቱ ወንድም የትምህርት ቤቱ የሩጫ አሰልጣኝ ነው። ፊሽካው ከአንገቱ ስለማይወርድ ተማሪዎቹ «ፊሽካ» ይሉታል። አሁን አንድ ትከሻውን መቃኑ ላይ ጥሎ በሩን ዘግቶ ቆሟል። እንዲያ ሲቆም ወደ ጠባቡ ሱቅ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል።

ነገሩን ያበላሸው የልብስ ሰፊው የራሱ ልማድ ነው። ስፌት ሲተረትር ምላጩ የጨርቁን ፊት እንዳይነካው ልብሱን ገልብጦ ይይዛል። ከውስጥ በኩል ክሩን ብቻ እየበጠሰ ይሄዳል፤ ቁጥሩም ከስር በኩል ጉልበቱ ላይ ይወድቃል። ሰባት ይሁን አስራ ሰባት አያየውም። አራቱንም እንዲህ ጨርሶ፣ ከአማቹ ጋር ስለ ወገብ ሕመም እያወራ፣ እንድትተኩሳቸው ለሚስቱ ወረወረላት። ሚስቱ ሦስተኛውን ስትዘረጋ ካውያው አየር ላይ ቀረ። ብብቱ ስር ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ገብቶበታል። ከቡድኑ ማሊያ ሁሉ እንዲህ ያለ ቁራጭ ያለው አንድ ብቻ ነው። ልጃቸው ኳስ ለመምታት እጇን ስትሰቅል ልብሱ እንዳይይዛት አባቷ የጨመረላት ነው።

«ይሄ የሽቦ ነው» አለች እናት።

ሽቦ የሚሏት ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ነው። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መረብ ኳስ ትጫወታለች፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ትሮጣለች። ክርክሩ ሲጀመር በልብስ መለኪያው መጋረጃ አጠገብ፣ ቦርሳዋን በእግሮቿ መሃል አድርጋ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። ግጥሚያው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«ለኳሱ አስተማሪ ነግሬዋለሁ» አለ አሰልጣኙ። «ቤተሰቧ ተስማምቷል፣ ከእንግዲህ ሩጫ ብቻ ናት አልኩት። እሱም ስሟን ሰርዞ ማሊያዋን፣ ለሌላ ልጅ ቁጥሩ እንዲቀየር፣ ከሌሎቹ ሦስት ጋር በኔ ላከው። ለሩጫው ማጣሪያ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። መረብ ስር ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ቢዞር ማን ሊጠየቅ ነው?»

«የትኛው ቤተሰቧ ነው የተስማማው?»

«አጎቷ አይደለሁም እንዴ?»

«አጎቷማ ነህ። የአባቷ ቦታ ግን ተይዟል።»

«እስቲ ድምፃችሁን ቀንሱ» አለች እናት፣ አይኗን ከካውያው ሳታነሳ። «የሚያልፈው ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት መሰለው።»

አሰልጣኙ ግን ቀንሶ የሚናገር ሰው አይደለም። «ልጅቷ እግር አላት። ይሄን ያየሁት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። ሰኞ ኳስ፣ ማክሰኞ ሩጫ እየተባለ ሯጭ አይወጣም። እንዳንተ ትሁን ነው የምትለው? ሱሪ ትሰፋለህ፣ መጋረጃ ትሰፋለህ፣ የሶፋ ልብስ ትሰፋለህ፣ ባለፈው የውሻ ካፖርት ሰፍተሃል። ማዶ ያለው ሰውዬ ሱሪ ብቻ ነው የሚሰፋው። ሄደህ እየው፣ ሰው ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው።»

«የውሻውን አታንሳ» አለች እናት። ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አይታወቅም።

«ማዶ ያለው ሰውዬ እጅጌ መትከል አያውቅም» አለ ልብስ ሰፊው። «ሸሚዝ ሲመጣበት ወደኔ ነው የሚልከው። አንተስ? ከአስራ ሦስት ዓመትህ ጀምሮ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ስትል ኖርክ። ኳስ አልነካህ፣ ዋና አልሞከርክ፣ እግሬ ይደክማል ብለህ በእህትህ ሰርግ እንኳ አልጨፈርክም። በሃያ ሁለት ዓመትህ ቅልጥምህ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ይዘህ የሰው ልጅ እያባረርክ ነው።»

አሰልጣኙ ፊሽካውን በሁለት ጣቱ ያዘና ለቀቀው።

«ጫማው ነው የሰበረኝ።»

«ጫማው ነው!» አለ ልብስ ሰፊው ለሚስቱ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ጫማው ነው።»

«ቅልጥሜን ያመመኝ» አለች ልጅቷ፣ «አጎቴ ኳስ ያስቆመኝ ወር ነው። በየቀኑ ሩጫ ብቻ በነበረ ጊዜ። ኳስ ስጀምር ተወኝ። ሁለቱንም እፈልጋለሁ። ግጥሚያው ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ልምምዱ አስራ አንድ ሰዓት። ይደርሳል።»

«አንቺ ዝም በይ» አሏት ሁለቱም እኩል። በዚያ ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነበር።

ልብስ ሰፊው ተነሳ። ከቦርሳዋ ውስጥ የመሮጫ ጫማዋን መዝዞ አወጣ፤ ማሰሪያው የቦርሳው ዚፕ ላይ ተያዘበት፣ ጎትቶ በጠሰው።

«ስማኝ እንግዲህ፣ አሰልጣኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ሩጫ የሚባል ነገር አላውቅም። ኳስ ብቻ ትጫወታለች። ያንተ ፊሽካ ከሚነፋበት ሜዳ እንዳላያት።»

በርጩማ ላይ ወጣ፤ በርጩማው ተንገዳገደ፤ ሚስቱ በአንድ እጇ ያዘችለት። ጫማውን ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ወረወረው።

«ጥሩ» አለ አሰልጣኙ። «በምን ልትጫወት ነው? ቁጥር የሌለውን ዳኛ አያስገባም።»

«አሁን እሰፋዋለሁ።»

«ስፋዋ። ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም።»

«ሄደህ ታስመልሰዋለህ።»

«የኳሱ አስተማሪ ዝርዝሩን ለዳኛው የሚሰጠው ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ነው። እስከዚያ እዚሁ በሩ ላይ ነኝ።»

ልጅቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ስምንት ከሃያ ይላል፤ ዝርዝሩ እስኪሰጥ አርባ ደቂቃ አለ።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናው ፊት ሊቀመጥ ጎንበስ አለና መልሶ ቀና አለ፤ መልስ መጥቶለት ነበር። ስለ ጫማው፣ ስለ ሰርጉ፣ ከሰርጉም በፊት «ይህ ሰው ለእህቴ አይሆንም» ብሎ አማቹ ስለላከው ሽማግሌ ይናገር ጀመር። አሰልጣኙም ያን ሽማግሌ አልላክሁም፣ ብልክ ግን ትክክል ነበርኩ አለ። እናት «እኔ የሌለሁ ይመስል» አለችና አራተኛውን ማሊያ መተኮስ ቀጠለች።

ልጅቷ ከወለሉ ላይ ከቁርጥራጩ መሃል የራሷን ሰባት ቁጥር ለቀመች። ማሊያዋን ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጠርዝ፣ መርፌና ቀይ ክር ከሳጥኑ ወስዳ መጋረጃውን ከኋላዋ ሳበች። እንደ አባቷ አልገለበጠችውም። ቁጥሩን ፊቱ ላይ አስቀምጣ ከላይ ወደታች በረጃጅም ስፌት ወጋችው። ስፌቱ ጨርቁን ሸበሸበው፤ የሰባቱ እግርም ትንሽ ተንጋደደ። ደንበኛ እንዲህ ያለ ስፌት ይዞ ቢመጣ አባቷ የትኛው ቀሽም ሠራው ብሎ ይጠይቅ ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ስትወጣ ማሊያውን ለብሳ፣ ከላይ የትምህርት ቤት ሹራቧን ደርባ ነበር። መደርደሪያው ስር ቆመች። በርጩማ አላስፈለጋትም፤ በእግሯ ጣት ከፍ ብላ እጇን ከጥቅሎቹ ኋላ ሰደደች፣ ጫማውን አወረደች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የተበጠሰውን ማሰሪያ የምትቀጥልበት ክር ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«አንድ ነገር የያዘ ሰው ስም አለው» ይል ነበር አሰልጣኙ፣ በጣቱ እየቆጠረ። «እገሌ ሲባል በምን እንደሚታወቅ ሰው ያውቃል። አንተ በምን ትታወቃለህ?»

«በልጄ።»

«ልጅህ በምን ልትታወቅ ነው? እሱን ንገረኝ።»

እናት ልጅቷ እንድታልፍ እግሯን ሰበሰበች። በሩ ላይ ስትደርስ አሰልጣኙ፣ ማን እንደሆነች ሳያይ፣ ለደንበኛ መንገድ እንደሚለቅ ሰው፣ ትከሻውን ከመቃኑ አንስቶ ወደ ጎን ገለል አለ። ካለፈች በኋላ ተመልሶ ተደገፈ።

«መልስልኝ እንጂ» አለ፣ ሦስተኛ ጣቱን እንደያዘ።