ለግፊት የመሰለኝ ኪኒን

ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ግፊት ያለበት ጎረቤቴ ያህያ ነው። እዚህ በሰው አገር፣ ኮንዮ ኮንዮ በሚባል ገበያ ውስጥ ሱቆቻችን ግድግዳ ይጋራሉ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ከስኳሩ መድኃኒት ጋር የግፊት ኪኒን ሲያዝልኝ ተሳስቷል አልኩ። ግፊቴ በተለካ ቁጥር ደህና ነዋ። እዚያው አዲስ አበባ ያለችው ባለቤቴ ዘኪያ በየወሩ በመንገደኛ ትልከዋለች፤ እኔ ደግሞ ከሚባክን ሰው ይዳንበት ብዬ ለያህያ እሰጠዋለሁ። «አለቀ ወይ?» ስትለኝ «አልቋል» እላታለሁ።

በስድስተኛው ወር እዚህ ክሊኒክ ያለችው ነርስ ሄለን ሽንቴን መርምራ ፕሮቲን አገኘችበት።

«ጋሽ ሙሔ፣ ኪኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«ግፊት የለብኝም።»

«ለግፊት ብቻ ነው ማን አለዎት? ስኳሩ የኩላሊትዎን ደም ስሮች እየጎዳ ነው። ኪኒኑ የታዘዘልዎት እዚያ ያለውን ጫና እንዲቀንስልዎት ነበር።»

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሱቅ ስደርስ ያህያ በሩ ላይ ቆሞ «ሹክራን» ብሎ አመሰገነኝ፤ «ራስ ምታቱ ለቀቀኝ።» ነገ ለራሱ እንዲታይ ወደ ሄለን እወስደዋለሁ።

ከሰዓት ዘኪያ ደወለች።

«ኪኒንህ አለቀ ወይ?»

«ገና አልጀመርኩትም» አልኳት።