የሰፊዋ ሜትርና የባሏ ስብ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን መናቅ የጀመረችው ዛሬ አይደለም፤ ንቀቷ እግር አውጥቶ ቤት ውስጥ መንጎራደድ የጀመረው ግን ያ ሚዛን የገባ ቀን ነው። ሚዛኑ ጥቁር መስታወት የመሰለ ነገር ነው። በባዶ እግር ሲቆሙበት በውስጥ እግር በኩል ኤሌክትሪክ ቢጤ ይልክና የሰውነት ስብ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ሰውየው በውስጥ ሱሪው ብቻ ሆኖ ወጣበት፤ ትንፋሹን ያዘ፤ ሚዛኑ ሃያ ዘጠኝ አለ። ወረደና እግሩን በፎጣ አድርቆ እንደገና ወጣ። ሠላሳ አንድ። ሽንት ቤት ደርሶ መጣ። ሃያ ስምንት።

«አየሽ፣ ወረደ» አላት።

እሷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነበር። ባትይዝስ ምን ትለዋለች? በሽንት የሚወርድ ስብ ሰምታም አይታም አታውቅም።

ሰውየው የእሳት አደጋ መኪና ሾፌር ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ቀይ ግዙፍ መኪና በጠባብ መንገድ ሲያሾልክ ኖሯል፤ ሰፈሩም «ሳይረን» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ በእረፍት ቀኑ እንኳ ሰው መንገድ ከዘጋበት በአፉ ሳይረን ያሰማልና። ከዚያ መኪና ሌላ የሚያወራው ነገር የለውም። እና በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ አዲስ መመሪያ አወጣ፦ ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም ሾፌር ይለካል፣ ስቡ ከመቶ ሃያ አምስት ያለፈ ከመኪና ወርዶ መጋዘን ይገባል። መጋዘን ማለት የጎማ ቱቦ መጠቅለልና የባልዲ ጆሮ መቁጠር ነው። ሳይረን መመሪያውን ያነበበ ቀን ራቱን ሳይበላ ተኛ፤ በማግስቱ የሁለት ቀኑን በላ።

ከሚዛኑ ቀጥሎ መቆንጠጫ ገዛ። የቆዳን እጥፋት በሚሊ ሜትር የሚለካ ፕላስቲክ ነገር ነው፤ ሆድን፣ ጭንንና ደረትን ቆንጥጦ ይደመርና ከሰንጠረዥ ላይ ስቡ ይታያል። ራሱን ሲቆነጥጥ ግን በጣቱ ጫፍ ቆዳውን ብቻ ስለሚይዝ አሥራ ዘጠኝ ወጣለት። ደስታው ሌላ ነበር።

«ሚዛኑ ውሸታም ነው» አለ። «ለማረጋገጥ ግን እስቲ አንቺ ያዥልኝ።»

ያዘችለት። ሃያ ዓመት ወፍራም ጨርቅ ስትጨብጥ የኖረች እጅ ናት፣ አልራራችም።

«ኧረ ቀስ። ስቡን ነው እንጂ ሥጋዬን አይደለም ያልኩሽ።»

«መለየት አቃተኝ» አለችው።

ሃያ ሰባት ወጣ። መቆንጠጫውን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ሰፊዋ በሆዷ፣ ሰውየው ስቡን አይደለም የሚለካው፣ የሚወደውን ቁጥር ነው የሚፈልገው አለች፤ እውነቷንም ነው። ሦስተኛው ዘዴ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። ከስልኩ ላይ ራቁታቸውን የቆሙ ወንዶች ፎቶ አወጣ፤ እያንዳንዳቸው ሥር ቁጥር ተጽፏል፤ ከዚያ መስታወት ፊት ሆዱን ውጦ እየቆመ ራሱን ከነሱ ጋር ያስተያያል።

«እኔ የትኛውን እመስላለሁ? እውነቱን ንገሪኝ።»

መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ቀረብ አድርጋ አየች። «ከኋላቸው ያለውን ሶፋ።»

እንዲህ ነበር የሚኖሩት። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ አይጠጣም፣ አይማታም፣ ደሞዙን አያባክንም። አማቷ በመጡ ቁጥር «ልጄኮ ወርቅ ነው» ይሏታል፣ እሷም «አዎ እማማ፣ ሚዛን ላይ አይወርድም» ትላለች። የሚያንገበግባት ቂልነቱ ነው። እሷ የሰው ገላ እንጀራዋ ነው፤ ሰው በሯን አልፎ ሲገባ ወገቡን፣ ዳሌውን፣ ትከሻው የትኛው እንደሚዘቀዝቅ በዓይኗ ታውቀዋለች። ይህን የመሰለ ዓይን ያላትን ሴት አግብቶ የኤሌክትሪክ ሚዛን የሚጠይቅ ወንድ፣ ውሃ ዳር ቆሞ እንደሚጠማው ሰው ነበር የሚታያት።

መለኪያው ሊደርስ ስድስት ሳምንት ሲቀረው አዛዡ ሁሉንም ሰብስቦ አለካኩን አስረዳ። ሚዛን የለም፣ መቆንጠጫ የለም፤ በሜትር የአንገትና የወገብ ዙሪያ ይለካል፣ ከቁመት ጋር ይሰላል። ሳይረን ቁጥሩን ይዞ መጣ፤ በእሱ ቁመትና በእሱ አንገት ወገቡ ከዘጠና ሰባት ሳንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። አንገት በወፈረ ቁጥር ስቡ እንደሚያንስ ሲሰማ ደግሞ ለሦስት ቀን ራሱ ላይ የስልክ ማውጫ መጽሐፍ ጭኖ ቤት ውስጥ ሲዞር ሰነበተ። አንገቱ አልወፈረም፣ ጠመመ እንጂ።

ከዚያ እጁን ሰደደና ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አነሳ።

ስለዚህ ሜትር ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሰፊዋ ሥራ የጀመረችበት ነው፤ ቢጫነቱ ወደ ሻይ መልክ ሄዷል፣ ጫፉ ላይ ያለችው የብረት ቆብ ተልጣለች። ከሃያ ዓመት መጎተት ብዛት ተለጥጧል። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ የብረት ማስመሪያ ገዝታ ጎን ለጎን ብታስተኛቸው፣ ማስመሪያው መቶ ያለውን ሜትሩ ዘጠና ሰባት ይላል። ስቃ መልሳ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ገላውንም በእሱ እስከለካች፣ ጨርቁንም በእሱ እስከቆረጠች ድረስ ውሸቱ ውሸቱን ያጠፋል፤ ልብሱ ልክክ ይላል። ማዶ ያለው ሰፊ፣ ሽቅርቅሩ የምትለው፣ በየዓመቱ ሜትር ይቀይራል ሲሏት «እጁን የማያምን ሰፊ» ብላ ትስቅበት ነበር።

ባሏ ግን በእሱ ተለክቶ በሌላ ሜትር ሊፈረድበት ነው። ይህን ያን ጊዜውኑ አውቃዋለች። እነግረዋለሁ ብላም አስባ ነበር። ሰውየው ግን ሜትሩን በወገቡ አዙሮ «ዘጠና ዘጠኝ» ብሎ ሲያነብ ፊቱ ላይ ያየችው የሕፃን ድንጋጤ አሳቃትና ለነገ አለችው። ነገ ደግሞ የሌላ ደንበኛ ልብስ ነበረባት።

ሳይረን አሁን የምሩን ያዘው። ራት ተወ። የሕንፃውን ደረጃ በቀን አራት ጊዜ እየወጣ እየወረደ ጎረቤቱን አሰለቸ። እውነት ለመናገር ይህን ማንም አልጠበቀም፣ ሚስቱም ጭምር። መለኪያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሷ ሜትር ዘጠና አምስት ገባ። ከሚፈለገው ሁለት ሳንቲ ሜትር አሳንሶ ማለት ነው። ሜትሩን ሳመው።

እዚያ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነበር። አላረፈም። የመጨረሻ ማረጋገጫ ያስፈልጋል ብሎ፣ ስብ ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ሰው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚፈሰው ውሃ ቢለካ ቁርጡ ይታወቃል የሚል ነገር አነበበ። በጠራራ ቀን መታጠቢያ ቤት በርሜል አቁሞ እስከ አፉ ሞላና ገባበት። የፈሰሰውን ሊለካ ያስቀመጠው ሳፋ በመጀመሪያው ትንፋሽ ሞልቶ ውሃው በበሩ ሥር አልፎ መስፊያ ክፍሏ ገባ። ወለሉ ላይ የነበረው የአንዲት ደንበኛዋ፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሯ፣ የሐር ጨርቅ ነው፤ ከጎኑ የነበረው ቀይ ገበር ቀለሙን ለቀቀበት።

ሰፊዋ ስትደርስ ባሏ በርሜሉ ውስጥ እስከ ብብቱ ተቀርቅሮ «ሳፋውን አየሽልኝ?» አላት።

ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ሄዳ ሃያ ዓመት ለማንም ያላለችውን «ይቅርታ፣ አበላሸሁ» አለች። ሴትየዋ ከንፈሯን መጥጣ ብቻ ሸኘቻት፤ ያ ከንፈር መምጠጥ ከስድብ ይበልጥ አንጀቷን አሳረራት።

በማግስቱ ጠዋት የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ክር ስታስገባ ሳይረን በሩ ላይ ቆመ። እንደ ጥፋተኛ እግሩን እያሻሸ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሜትርሽ ልክ ነው አይደል? ማለቴ፣ ዘጠና አምስት ካለ ዘጠና አምስት ነው? እንዲያ ከሆነ ደረጃ መውጣቱን ላቁመው፣ ጉልበቴ እያመመኝ ነው።»

ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልፎ ነበር። ሳበችው፣ ቋጠረችው፣ በጥርሷ በጠሰችው። አንዲት ቃል ነበር የሚፈለግባት። እሷ ግን ቀዩ ቀለም የበላው ሐር ታያት።

«ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፋሁበት ሜትር ነው» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«እሱማ ነው» አለና እፎይ ብሎ ሄደ። ያን ቀን ራቱን በላ። ቀሪውን ሁለት ሳምንትም እንዲሁ።

የመለኪያው ቀን ከቀትር በኋላ ተመለሰ። ኮፍያውን አውልቆ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው፤ ሌላ ጊዜ ያን ቢያደርግ ትጮህበት ነበር።

«ዘጠና ስምንት አሉኝ። በአንድ ሳንቲ ሜትር ጣሉኝ።» ድምፁ አልተቆጣም፣ የገረመው ብቻ ይመስል ነበር። «ሁለቴ አስለካሁ። ሜትራቸው ተበላሽቷል። ነገ ጠዋት ለኮሚቴው አቤት እላለሁ። ያንቺን ሜትር ስጪኝ።»

«ምን ልታደርግበት?»

«ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሚስቴ ሃያ ዓመት ሰው ያለበሰችበት ሜትር ነው፣ ይህ ይመስክር እላቸዋለሁ። አዛዡ ሱሪ ያሰፋው አንቺ ዘንድ አይደለም? ያውቀዋል።»

ያቺን ቢጫ ጨርቅ ይዞ ኮሚቴ ፊት ቆሞ፣ አንዱ ከማስመሪያ ጋር አስተኝቶ ሲያሳየው፣ ጓዶቹ ሲሳሳቁ፣ ሁሉንም በአንዴ አየችው። እሷ ስትስቅበት ሌላ ነገር ነው። ሌላ ሰው ይስቅበታል ብላ አስባው አታውቅም ነበር።

ተነሳች። የብረት ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛች፣ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ከጎኑ ዘረጋችው፣ የሁለቱንም ጫፍ አገጣጠመች። ጣቷን የማስመሪያው መቶ ላይ አስቀመጠች።

ሳይረን ጎንበስ ብሎ አየ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሦስት ዓመት ይሆነኛል።»

«በር ላይ ቆሜ የጠየቅሁሽ ቀንም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ተናድጄብህ ነበር።»

«ሁለት ሳምንት ነበረኝ» አለ። «አንዲት ሳንቲ ሜትር ናት። በጉልበቴ ተንበርክኬም ቢሆን ደረጃውን እወጣ ነበር።»

እንዲጮህባት ፈለገች። ሰሃን ቢሰብር፣ «አንቺ ሰይጣን» ቢላት፣ እሷም የምትመልሰው ታገኝ ነበር፤ ለነገር መቼም አንሳ አታውቅም። አልጮኸም። ቀና ብሎ አያት ብቻ። ያንን አስተያየት ወዲያው አወቀችው፣ ምክንያቱም የራሷ ነው፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ፣ ሆዱን ውጦ መስታወት ፊት ሲቆም፣ በርሜል ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር እሱን ያየችበት ነው። ሲያዩበት እንጂ ሲታዩበት እንዴት እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሜትሩን አጣጥፎ በጥንቃቄ መለሰላት፣ ኮፍያውን ይዞ ወጣ። አቤቱታውንም ተወው።

ከሳምንት በኋላ የመጋዘን ሠራተኛ ልብስ ተሰጠው። ሱሪው ረጅም ነው፣ ወገቡም ሰፍቶታል። ሰፊዋ አይታለች፤ ከሩቅ ሆና በዓይኗ ለክታዋለች፣ ከእግሩ አራት፣ ከወገቡ ሦስት። ጠዋት የስፌት መኪናዋን ዘይት ቀብታ፣ የተለጠጠውን ሜትር ጥላ ትናንት ሄዳ የገዛችውን አዲስ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጠበቀችው።

ሳይረን ሱሪውን በክንዱ ይዞ ከመኝታ ቤት ወጣ። በመስፊያ ክፍሏ በር አለፈ። ደረጃውን ሲወርድ ሰማችው፣ ቀስ እያለ፣ ጉልበቱ አሁንም ያመዋል።

በመስኮት ስታይ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ገባ። ሽቅርቅሩ ተቀበለው፣ የማን ባል እንደሆነ ሲያውቅ አንዴ ወደ መስኮቷ ቀና አለ፣ ከዚያ የዘንድሮውን ሜትር አውጥቶ በወገቡ አዞረበት። ባሏ እጆቹን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሆዱን አልዋጠም።