የተሰረዘው አንቀጽ

«ባልሽ ነገ ፓርላማ ይሄዳል የሚሉት እውነት ነው?» አሉ አክስት ፊፊታ።

ቪካ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ሳሎኑ ጥቁር በለበሱ ሴቶች ተሞልቷል። አክስት ፊፊታ የሟቿ የሉሴያኔ አባት እህት ናቸው፤ ስለዚህ የክብሩ ቦታ የእሳቸው ነው፣ የእሳቸውንም ቃል የሚሽር የለም። የቪካ ባል ካላፊ ደግሞ የሟቿ ወንድም ነው። በቶንጋ ወንድም ከእህቱ በታች ስለሆነ፣ የሕዝብ እንደራሴው በሐዘን ወግ የተቀዳደደ ምንጣፍ በወገቡ ታጥቆ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ጓሮ ጎደሬ ይልጣል። ወደ ሳሎን አይገባም።

«እውነት ነው፣ አክስቴ።»

«ስለ እህቱ ሰውነት በራዲዮ ሊያወራ?»

ቪካ አጎንብሳ ሻዩን ማደል ጀመረች። ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ። አንዷ ዕጣዋ ነው ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ ሉሴያኔ በአራስነቷ ፀጉሯን በቀዝቃዛ ውኃ እንደታጠበች ከታማኝ ሰው ሰምታለች። ቪካ ሁለቱንም በትሪው ብትላቸው ደስ ባላት። ሉሴያኔን የገደላት የደም ግፊት ነው። ሐኪሙ በግልጽ ነግሯቸዋል፦ ሴት ከተገላገለች በኋላም ይነሳል፤ ቶሎ ከታወቀ ደግሞ መድኃኒት አለው።

ሉሴያኔ የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ ምላሷም እንደ ጠመኔዋ ያለ እረፍት ይሠራ ነበር። ከወንድሟ ጋር ግን ልጅነታቸው ካበቃ ወዲህ ፊት ለፊት ቀልዳ አታውቅም፤ ነውር ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሷ ጠረጴዛው ጫፍ፣ እሱ በሩ አጠገብ ይቀመጡና መካከል ላይ ቪካ ትደረግ ነበር።

«ቪካ፣ ለባልሽ ንገሪው፤ በዚያ ክራቫት አሳማ ቢያስርበት ይሻለዋል።»

ካላፊ ሳቁን ይውጣል። «ለመምህርቷ ንገሪያት፤ አሳማው አላደርግም ብሏል።»

ሁለቱም እየተደማመጡ ቪካ እንደ ስልክ ሽቦ ቃል ታመላልሳለች። ሲሰለቻት ደግሞ እየጨመረችበት ታስተላልፋለች፤ ያኔ ሉሴያኔ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች።

ገና ሉሴያኔ በሕይወት ሳለች፣ ካላፊ የሚመራው ኮሚቴ በእጁ የያዘው የነፍሰ ጡሮችና የአራሶች ምርመራ ረቂቅ ሕግ ነበር። ነርስ አራሷ ቤት ድረስ ሄዳ ግፊቷን እንድትለካና የሕመም ምልክቶችን እንድትጠይቅ ያዛል። አንዱ አንቀጽ፣ እህት ወንድሟ እየሰማ ስለ ሰውነቷ አትናገርምና፣ ጥያቄው ሲቀርብ የአራሷ ወንድም በሚሰማበት ቦታ እንዳይገኝ ይላል። የኮሚቴው አባላት እዚያ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን መጠራረግ ጀመሩ። ወንድም ምን እንደሚሰማ በአደባባይ ማን ይከራከራል? ካላፊ ሰረዘው። ጨዋ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል ብሎ ቪካንም አስረዳት። ቪካም ልክ ነው አለች።

ትሪውን አስቀምጣ ጓሮ ወጣች። ካላፊ እሳቱ ዳር ቁጢጥ ብሏል።

«ምን አሉ?»

«ስለ ሰውነቷ በራዲዮ ሊያወራ? አሉ።»

ጎደሬውን ልጦ ጨረሰና ሌላ አነሳ። ከዚያ፣ «በረንዳው ላይ ነበርኩ» አለ።

«መቼ?»

«ነርሷ የመጣች ቀን።»

ቀና ሳይል ነገራት። ለአራሷ እህቱ የሚቀቀል ቦዬ ይዞላት ሄዶ ነበር። እንደ ወጉ አስሎ መምጣቱን አሳወቀና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። መስኮቱ ክፍት ነው። ነርሷ ከውስጥ ትጠይቃለች፦ ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽ ላይ ብልጭ ይልብሻል? ደሙስ? ካላፊ ሊነሳ አሰበ፤ ግን ቢነሳ መስማቱን ማሳወቁ ነው። ስለዚህ እንደ ደንቆሮ መንገዱን እያየ ቁጭ አለ። ሉሴያኔም የለም፣ የለም፣ ደህና ነኝ እያለች ሁሉንም መለሰች። የግፊት መለኪያ ይያዝ የሚል ሕግ ገና አልወጣም፤ ነርሷ ሳትለካት አመስግና ሄደች። በማግስቱ ሉሴያኔን እያንቀጠቀጣት ሆስፒታል አደረሷት።

ቪካ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ያን ዕለት ጠዋት ራሴን ሊፈልጠኝ ነው ብላኝ ነበር። ነርሷ ዛሬ ትመጣ የለ ብዬ ተውኩት።»

ካላፊ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ብነሳ ኖሮ» አለ።

«ብትነሳ እሷ ታፍር ነበር።»

«ታፍር ነበር። ትኖርም ነበር።»

ቪካ እንደ ልማዷ ቃሉን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። አክስት ፊፊታ ፊት ተንበርክካ፣ ሳትጨምርና ሳትቀንስ ተናገረች። ካላፊ በረንዳው ላይ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል፤ ሉሴያኔም ይሰማል ብላ ደህና ነኝ አለች። 

«አሟት ነበር?» አሉ አክስት ፊፊታ።

«በጣም።»

አሮጊቷ አልፈቀዱም፣ አልከለከሉምም። ሻያቸው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ የፓርላማውን ስብሰባ የሚያስተላልፈው ራዲዮ ሳሎኑ መሐል ተቀመጠ። ወንዶቹ የሟቿ የአክስትና የአጎት ልጆችም ከጓሮ መጥተው በሩ አጠገብ ሰፈሩ፤ እዚህ አገር እነሱም ወንድሞች ናቸው። ከእነሱ አንዱ የሆነው፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከአክስት ፊፊታ ማዶ የተቀመጠው ዓሣ አስጋሪ ኢኖኬ፣ ካላፊ ዛሬስ ክራቫት አስሯል ወይ ብሎ ቪካን ጠየቃት። ቪካ አላሰረም አለችው። ማንም አልሳቀም።

የካላፊ ድምፅ ደረቅ ነበር። አንቀጹን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ እንዲመለስ እጠይቃለሁ አለ። ወረቀት ሲታጠፍ ተሰማ። ቪካ አቋርጦ የሚቀመጥ መሰላት።

«እህቴ ሉሴያኔ ከወለደች በኋላ ራሷን ያማት ነበር» አለ። «እግሮቿ አብጠው ነበር።»

ወንዶቹ ተነሱ። እንዲህ ያለ ነገር በእህቶች ፊት ሲወራ ወንድም ይወጣል። መጀመሪያ የተነሳው ኢኖኬ ነው፤ በአክስት ፊፊታ አጠገብ ሲያልፍ አሮጊቷ ዓይናቸውን ከራዲዮው ሳያነሱ እጃቸውን ዘርግተው የእጁን አንጓ ያዙት። ቁልቁል አያቸው። አልለቀቁትም። ተቀመጠ። ሌሎቹም አንገታቸውን እንደደፉ አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ካላፊ ስለ ብልጭታው፣ ስለ ደሙ፣ ስለ በረንዳው ተናገረ። ድምፅ ተሰጠ፤ አንቀጹ ተመለሰ። ሌላ እንደራሴ ተነስቶ ስለ ወደቡ መንገድ ማውራት ሲጀምር ቪካ ራዲዮውን ዘጋችው።

አክስት ፊፊታ የኢኖኬን እጅ አሁንም እንደያዙ ናቸው። እሱም እንዲለቁት አልጠየቀም።