እሁድ የማይሰምጥ መሬት

የአክስቴን ላውንደሪ ዓርብ ሊያሽጉት ነበር። ጥፋተኛው ከደጃፏ ስር የተቀበረ፣ ፀጉር የሚያህል የመስታወት ክር ነው፤ ኦፕቲካል ፋይበር ይሉታል። ከመንገዱ በታች የባቡር ዋሻ ይቆፈራል፤ መሬቱ ቢሰምጥ ክሩ ይለጠጣል፣ በውስጡ የሚላከው ብርሃንም የት እንደሰመጠ ይናገራል። ብልህ ነገር ነው፣ አልክድም። ያናደደኝ ክሩ የተናገረውን ሁሉ እንደ ቃለ መሐላ መቀበላቸው ነው።

"አርባ ሁለተኛው ሜትር ላይ፣ እዚሁ ደጃፉ ስር፣ ተለጥጧል" አለኝ የዋሻው ኢንጂነር ላፕቶፑን እያሳየ። "እትዬ መውጣት አለባቸው።"

"ግድግዳው ተሰንጥቋል?"

"የለም።"

"በሩስ ሲዘጋ ይይዛል?"

"አይይዝም። ግን መሣሪያ አይዋሽም።"

ደሜ ፈላ። "የወሩን ንባብ በሙሉ አምጣ!"

አመጣ። የግራፉ መስመር በየቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽቅብ ይዘላል፣ ከሰዓት በኋላ ይረግባል። እሁድ እሁድ ግን ጭጭ።

"ይሄ መሬት እሁድ እረፍት ይወጣል እንዴ?"

በዚህ መሃል አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ፣ አክስቴ ከእሁድ በቀር በየቀኑ እንደምታደርገው አንሶላ የቀቀለችበትን ውሃ በባልዲ ይዛ ወጣች፤ ደጃፏ ላይ ባለው ማፍሰሻ ደፋችው። ጥቂት ቆይቶ አርባ ሁለተኛው ሜትር ዘለለ።

"ሙቀት!" ብሎ ግንባሩን መታ። ክሩ ሲሞቅም እንደተለጠጠ ሆኖ ይነበባል። ሙቀቱን ለይቶ የሚለካ፣ ቱቦ ውስጥ ልል ሆኖ የሚተኛ ሌላ ክር ከጎኑ መቀበር ነበረበት። ዋሻ ቆፋሪዎቹ ሲጣደፉ መጋዘን ትተውታል!

"እትዬ፣ እስቲ ቀዝቃዛ ይድፉበት።"

ደፋች። መስመሩ ወረደ።

"አሁንስ መሬቱ ተነሳ?" አለች አክስቴ። "በአንድ ባልዲ የማነሳው ከሆነ ያን ሁሉ ማሽን ለምን ታንጫጫላችሁ?"

ኢንጂነሩ እየሳቀ የደጃፉን ከፍታ በሌቭል ለካ፤ አንዲት ሚሊሜትር አልወረደም። በሩ ላይ የለጠፈውን ማስጠንቀቂያ በጥፍሩ ላጠው።

"ነገ ጠዋት ሁለተኛውን ክር እቀብራለሁ።"

"ከሰዓት በኋላ አድርገው፣ ጠዋት ደንበኛ አለኝ።"

እኔ ግን አልበረደልኝም። "ለመሆኑ እናንተ የተማራችሁ ሰዎች..."

"ዝም በል አንተ! ልጁ ጥፋቱን አመነ፣ ምን ቀረህ? ና አንሶላ ጭመቅ!"

ኢንጂነሩ እጅጌውን ሰብስቦ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን። ንዴቴን ሁሉ በአንሶላው ተወጣሁት፤ ውሃው ጫማው ላይ ወረደ። እሱ ደግሞ የባሰ ጠመዘዘና የኔን አራሰው።

አክስቴ በሳቅ ተንከተከተች። "በሉ፣ አሥራ አንድ አንሶላ ይቀራል!"