አራተኛው አድራሻ

«ሦስት ፎቅ ነው እንጂ ተራራ አይደለም!» አለ ሊቀ መንበሩ፣ የመጨረሻውን ሣጥን ብብቱ ሥር እንደሸጎጠ።

«ላንተማ! ጉልበቴን ሳታማክር ቤት ያዝክ።»

«በነጻ የተገኘ ቤት ነው፣ ምን ልምረጥ? ደግሞ ስካውቶቹ አሉልሽ፤ ቃሬዛ መሸከም ይለማመዱብሻል።»

«ምላስህን በቃሬዛ ያውጡት!»

ሊቀ መንበሩ ታናሽ ወንድሟ ነው። እሷ የስካውት ምክር ቤቱ ጸሐፊ ከሆነች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው ጽሕፈት ቤት ከአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ጀርባ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ መዝገቡን ታቅፋ ትቆም ነበር። ሁለተኛው ከዳቦ ቤት በላይ ነበር፤ ያኔ ከስብሰባ የሚቀር ስካውት አልነበረም፤ ሁሉም በዳቦው ጠረን ተስቦ ይመጣ ነበር። ሦስተኛው ይህ ምድር ቤት ነው። ጡረታ የምወጣው ከዚህ ነው ብላ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አደራ፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪው ዛሬ ይመጣል። በነሱ መዝገብ ላይ ያለው አድራሻችን ይኸው ነው። ሰው ካጣ ይሰርዘናል፤ ምክር ቤቱም ይዘጋል። ቤቱን ዛሬ የሚረከበውን ልብስ ሰፊ የስፌት መኪኖች ካየ ‹የኛ ናቸው፣ የደንብ ልብስ እናሰፋለን› በይው።»

«ልዋሽ?»

«እሺ፣ ዝም በይ።»

ሄደ። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ መዝገቡ፣ ማኅተሙና እሷ ቀሩ።

ስድስት ሰዓት ላይ አዲሱ ተከራይ፣ ልብስ ሰፊው፣ መኪኖቹን አስጭኖ መጣ። «እትዬ፣ ቤቱ ከአሁን ጀምሮ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ ወንድሜ። አንድ ጥግ ብቻ ተወኝ።»

«ስምንት መኪና ይዤ ጥግ ከየት ላምጣ?»

«እንግዲያው መሀል እቀመጣለሁ።»

ሳይወድ ሳቀ። መኪኖቹ ዙሪያዋን ተደረደሩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ይንጫጩ ነበር፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጫማዋን ሸፈነው። በሩ ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ማኅተሙን ጨበጥ ታደርጋለች። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አሥርም ሆነ።

«እትዬ፣ የሚጠብቁት ሰው እስኪመጣ ቁልፍ አይተክሉልንም?» አለ ልብስ ሰፊው ሸሚዝ እያቀበላት። «ጭንቀትዎ ወደኛም ተጋባ።»

መርፌውን ተቀበለች። እጇ ሥራ ሲያገኝ ልቧም ትንሽ ረጋ። አራተኛውን ቁልፍ ስትተክል አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው በሩ ላይ ቆመ። መኪኖቹን አየ፣ እሷን ከነመርፌዋ አየ። «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ ዞረ።

«አልተሳሳቱም!» ብድግ ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ ጠረጴዛውን ያዘች። «ስካውት ምክር ቤቱን ከሆነ፣ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።»

ተቆጣጣሪው ተመለሰ። «መኪኖቹስ የማን ናቸው?»

የልብስ ሰፊው ሠራተኞች እግራቸውን ከመኪኖቹ መርገጫ አነሡ።

«የእሱ ናቸው። ቤቱም ከስድስት ሰዓት ወዲህ የእሱ ነው። ከኛ የቀረነው ይህ ጠረጴዛና እኔ ነን።»

ተቆጣጣሪው ቅጹን አውጥቶ ረጅም ጊዜ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። «የሚጠይቀው ‹ኃላፊው በአድራሻው ተገኝቷል ወይ› ነው» አለ በመጨረሻ። «ስለ መኪና የሚል የለም። ተገኝተዋል።» ፈረመ። ሌላ ወረቀት ዘረጋላት። «አዲሱን አድራሻ፣ ከሥሩም በየቀኑ እዚያ የሚገኘውን ሰው ስም ይጻፉ። በሚቀጥለው ስመጣ ያ ሰው ከሌለ ግን ምሕረት የለም።»

አድራሻውን ቶሎ ጻፈች። ስሙ ላይ ስትደርስ ብዕሩ ቆመ። ሦስት ፎቅ፣ በየቀኑ። የወንድሟን ስም ጻፈች።

«የእርስዎ አይደለም?»

«የኔ አይደለም» አለችና ማኅተሙን አሳረፈችበት። ተቆጣጣሪው አንዱን ቅጂ ያዘ፣ ሌላውን ለሷ ሰጣት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዲሱ ሕንጻ ደረጃ ሥር ቆማ ተጣራች። ወንድሟ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወረደ።

«ፈረመ?»

«ፈረመ።»

ግንባሯን ሳማት፤ ወረቀቱን ሳያነብ ከመዝገቡና ከማኅተሙ ጋር ነጥቋት «ፈረመ! ፈረመ!» እያለ ወደ ላይ ሮጠ። ላይ ቤት የስካውቶቹ ጭብጨባ ቀለጠ። ወዲያው ግን አንዱ የሚሰቅሉት የምክር ቤቱ ሰሌዳ ወደ ግራ ዘሟል አለ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ነው አለ፣ ወንድሟም «ሁለታችሁም ታውራችኋል!» እያለ መዶሻውን መምታት ጀመረ።

እሷ መንገዱን ተሻገረችና ወደ ሰፈሯ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች።