የጊታሩ ሆድ ዕቃ

«ቀባኸው?» አለች ሴትዮዋ፣ የጊታሩን ጀርባ እያየች።

«ቫርኒሽ ነው» አለ አናጺው፣ የተመሰገነ መስሎት ጊታሩን በመዳፉ እያሻሸ። «ጀርባው ክፉኛ ተልጦ ነበር። እኔ ደግሞ ሻካራ እንጨት ካየሁ እጄ አያርፍም።»

ወይ አበሳ! የተላጠው ቦታ እኮ ነበር ማስረጃው። ስመ ጥሩው የሬጌ ዘፋኝ፣ ሟቹ አባቷ፣ ዓለምን በዞረበት ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የቀበቶው ዘለበት የተወው ምልክት ነበር። «ሰረቁኝ» ብሎ ሰው የሞተበት ያህል አልቅሶለታል። እሷም ዱካውን ስትከተል እግሯ ቀጥኗል። የአባቷ ባንድ ከበሮ መቺ፣ አባቷ ይዘፍንበት ወደነበረው መሸታ ቤት ባለቤት ላካት፤ ባለ መሸታ ቤቷ ደግሞ «አስተናጋጄ ናት የወሰደችው» አለቻት። ዛሬ የአስተናጋጇ ልጅ ፊቷ ቆሞ ስለ ቫርኒሽ ያወራል፤ ዓይኑን በጨው የታጠበ!

«ከየት አመጣኸው?»

«እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባለቤቱ ይመጣል፣ እንዳትሸጠው ብላኝ ነው የሞተችው። ይኸው አልሸጥኩም።»

ሌባ እናት፣ ሌባ ልጅ፣ አለች በሆዷ። አሁን የቀረው አንድ ምልክት ብቻ ነው። ከበሮ መቺው እንደነገራት አባቷ በጊታሩ ጀርባ ክዳን ሥር ያሉት ስፕሪንጎች፣ ጥምዝምዝ ሽቦዎቹ፣ እንዳይንኳኩ እጁ የገባውን ጨርቅ ይጠቀጥቅባቸው ነበር።

«የኋላ ክዳኑን ክፈተው» አለችው።

«እሱን እንኳ ነክቼው አላውቅም» ብሎ ብሎኖቹን ፈታ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ክዳኑ ገና ከመነሳቱ እጇን ሰዳ የተወሸቀውን ጨርቅ መንጭቃ አወጣች።

በእጅ የተሠራ የሕፃን ኮፍያ ነበር፤ ቢጫና አረንጓዴ ክር። የአባቷ ጊታር ነው! በደስታ ልትጮህ አፏን ስትከፍት የአናጺውን ፊት አየች። አመድ መስሏል።

ወደ ጓዳ ገባ። ሁለት ትንንሽ ካልሲዎች ይዞ ተመለሰና በእጇ ካለው ኮፍያ ጎን ያዛቸው። ክሩ ያው ነው፣ አሠራሩም ያው።

«እናቴ ለኔ የሠራቻቸው ናቸው» አለ። «ኮፍያውን አባትህ ይዞት ሄደ ትለኝ ነበር። ማን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።»

ክው አለች። ጊታሩን የሰረቀ የለም፤ አባቷ ኮፍያውን ይዞ ሄዶ፣ ኋላ ተመልሶ ጊታሩን ለልጁ ትቶለት ኖሯል፤ «ሰረቁኝ» ያለውም ይህን ሊደብቅ ነው። ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን ለራሷም አልገባትም።

«ስለ እኔ አንስቶ ያውቃል?» አለ አናጺው።

ጸጉሩ ሸበቶ ጣል ጣል ያለበት ትልቅ ሰው፣ መልሷን ሲጠብቅ እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኗን ያያል። አንድም ቀን አላነሳውም። ልትዋሽ አሰበች፤ ተወችው። አግዳሚው ላይ የተከመረውን የእንጨት ፍቅፋቂ በእጇ ጠረገችና ቦታ አበጀችለት።

«ና እስቲ» አለችው። «መጀመሪያ አጠገቤ ቁጭ በል።»